አራቱ ዕድሜዎች

እ.ኤ.አ. በ1813 ፓሪስ የተወለደው ሻርል ቫለንቲን አልካን «አራቱ ዕድሜዎች» የተሰኘውን ታላቅ የፒያኖ ሶናታ በ1847 ሲያሳትም ገና በሠላሳዎቹ ውስጥ ነበር። መታሰቢያነቱን ለአባቱ ሰጠ። ክፍሎቹ 20፣ 30፣ 40 እና 50 ዓመት ይባላሉ። ሶናታ አብዛኛውን ጊዜ በፈጣን ክፍል ይደመደማል፤ ይህኛው ግን ከዕድሜ ወደ ዕድሜ እየዘገየ ይሄዳል። ሃያው ይጋልባል። ሠላሳው እንደ ፋውስት ከሰይጣን ጋር ይታገላል። (እኔም በዚያው ዕድሜ ላይ ነኝ፤ በባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ገንዘብ ለሚቆጥር ሰው ትግሉ የተጋነነ ነው እንዳልል ጆሮዬ አልፈቀደልኝም።)

ልቤን የሚይዘው አርባው ነው፤ ርእሱ «ደስተኛ ቤተሰብ»። ልጆች ይቦርቃሉ፤ ሰዓቱ አሥር ጊዜ ይደውላል፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ አራት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ከዚያም ጸሎት ይደርሳል። ይህን የጻፈው ሰው አርባ ዓመት ያልሞላው ነበር፤ ዕድሜውንም ሙሉ ሚስት አላገባም። ያልኖረበትን ቤት ደወሉን ሳይቀር እንዴት እንደሰማው ዘወትር ይደንቀኛል። ደግሞም ከአራቱ ሁሉ የዚህን ያህል ለስላሳ የለም።

ሃምሳው ፕሮሜቴዎስ ነው፤ በዓለት ላይ ታስሮ እጅግ በዝግታ ያቃስታል። እርሱን እስከ መጨረሻው የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በሌሎቹ ምሽቶች ጸሎቱ እንዳለቀ አጠፋዋለሁ።