ምን ቤት ነው?

ታላቅ ወንድሜ ዓለማያ ኮሌጅ መግባቱ የተሰማ ዕለት እናቴ ከደጅ ወጥታ እልል አለች፤ ጎረቤት ከየቤቱ ተቀበላት። ዘመኑ 1959 ዓ.ም. ነው፤ እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከጎጃም ገጠር ተነስቶ እስከ አዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ከዚያ እስከ ድሬዳዋ በባቡር፣ ከድሬዳዋ ደግሞ ዳገቱን በመኪና ሊሄድ ነው። «ኮሌጅ» የሚለውን ቃል አስተካክሎ የሚጠራ ሰው በሰፈራችን ጥቂት ነበር። ክብሩን ግን ከብት ጠባቂው ሳይቀር ያውቀዋል።

አያታችን የቅኔ መምህር ነበሩ። መርቀውት ሲያበቁ ጠየቁት።

«እንግዲህ ልጄ፣ ይኸ የምትሄድበት ምን ቤት ነው?»

«ኮሌጅ ነው፣ አባባ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ምን ቤት ነው?»

ወንድሜ ትንሽ አሰበና «እርሻ የሚማሩበት ነው» አላቸው።

«እርሻ ቤት ነዋ! እንዲያ በለኝ። በል፣ ቀንቶህ ተመለስ።»

ያኔ የጥያቄው ቁም ነገር አልገባኝም። አያቴ ባደጉበት ትምህርት የቤቱ ስም ሥራውን ይናገራል። ንባብ ቤት ንባብ ነው፤ ዜማ ቤት ዜማ፣ ቅኔ ቤት ቅኔ፣ መጻሕፍት ቤት ትርጓሜ። አንድ ተማሪ ዋሸራ ወረደ ከተባለ ቅኔ ሊቆጥር እንደሆነ ማንም ያውቃል። አኩፋዳውን አንግቶ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ እንኳ በየትኛው ቤት እንዳለና ቀጥሎ ወደየትኛው እንደሚሻገር ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በእርግጥ በዚያ ዘመን «ኮሌጅ» የሚለው ቃልም አያሳስትም ነበር። በ1943 ዓ.ም. ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት የመሩት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥራ ጀመረ። የጎንደሩ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከተለ። የዓለማያው ከአሜሪካው የኦክላሆማ ተቋም ጋር በተደረገ ስምምነት ቆመ። በ1954 ዓ.ም. እነዚህ ኮሌጆች በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሥር ተሰበሰቡ። በአገሩ ያሉት ኮሌጆች በጣት የሚቆጠሩ ስለነበሩ «ኮሌጅ ገባ» ማለት ከፍተኛው ደረጃ ላይ ደረሰ ማለት ነበር። ከዚያ በላይ ምን አለ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ቃሉ ወዲያና ወዲህ እንደሚል የተረዳሁት አድጌ ነው። የዓለማያው ሙሉ ስም «የእርሻና የመካኒክ ጥበባት ኮሌጅ» የሚል ነበር፤ ኦክላሆማዎች የራሳቸውን ስም ነው ያወረሱን። እነሱ ግን በፈረንጆች 1957 «ኮሌጅ» የሚለውን ትተው ዩኒቨርሲቲ ተባሉ። የእኛው ዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ለመባል እስከ 1977 ዓ.ም. ቆየ።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ በአንድ ዓላማ የተሰበሰቡ ሰዎች ማኅበር ማለት ነው። ከዚያ ሥር የወጣው ቅርንጫፍ ግን ብዙ ነው። እንግሊዝ አገር በፈረንጆች 1440 የተመሠረተው ኢተን ኮሌጅ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወንዶች ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ነው። በኦክስፎርድ ኮሌጅ ተማሪው የሚያድርበት፣ የሚበላበትና ከመምህሩ ጋር የሚወያይበት ማኅበር ሲሆን ዲግሪውን የሚሰጠው ዩኒቨርሲቲው ነው። በለንደን ያለው የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ የባለሙያዎች ማኅበር ነው። ፈረንሳይ አገር ኮሌጅ የሚገባው የ11 ዓመት ልጅ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ ከሁለተኛ ደረጃ በላይ ያለውን ሁሉ በዕለት ንግግራቸው ኮሌጅ ይሉታል፤ ታላቁን ዩኒቨርሲቲም፣ በሁለት ዓመት የሚያስጨርሰውን የማኅበረሰብ ኮሌጅም።

ይህ ልዩነት አንድ ቀን ቤታችን ገባ። ሜሪላንድ የምትኖረው ታናሽ እኅታችን ስልክ ደውላ «ልጄ ኮሌጅ ገባችልኝ!» ብላ በደስታ ጮኸች። ታላቋ እኅታችን፣ እትዬ፣ ስልኩን ይዛ ዝም አለች። ቆይታ «አይዞሽ እቱ፤ ለከርሞ ዩኒቨርሲቲው ይደርሳታል» አለቻት። ልጅቱ የገባችው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ ነበር። እናቷ የአሜሪካኑን ቃል ተናገረች፤ እትዬ የሰማችው የዛሬውን የአገራችንን ቃል ነው። እናታችንን እልል ያሰኘ ቃል በልጇ አፍ ማጽናኛ የሚያስፈልገው ወሬ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ አልተሳሳተችም። ዛሬ የቀረው የአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ ያላበቃው ልጅ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መመደብ ከጀመረ ወዲህ «ኮሌጅ» በብዙ ቤት የተረፈው ድርሻ ስም ሆነ። ይህም ያሳዝነኛል። ብየዳና ኤሌክትሪክ የሚያስተምር ቤት የሚከበር ቤት ነው፤ በስሙ አንገት ሊደፋበት አይገባም ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ የጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሐኪም ያስመርቃል። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ያለው የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ክፍል ነው። ከጫማ መደብር በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ቤተ መጻሕፍት ሳይኖረው፣ በሁለት ክፍል የሚያስተምረውም ኮሌጅ ነው። ታፔላው ላይ ያለው ቃል አንድ ነው።

ከእነዚህ ከፎቅ ላይ ቤቶች አንዱ የጎረቤቴን ልጅ ሁለት ዓመት አስተማራት። አባቷ ክፍያውን የጨረሰው ገጠር ያለውን በሬውን ሸጦ ነው። ሥራ ልትቀጠር ወረቀቷን ስታቀርብ ቤቱ ለዚያ የትምህርት መስክ ፈቃድ እንዳልነበረው ተነገራት። አባቷ እኔ ዘንድ መጥቶ «ኮሌጅ አይደል እንዴ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ። እሱ የገዛው ወንድሜን የሸኘንበትን ቃል ነበር፤ የተሰጠው ሌላ ነው።

ያን ቀን ማታ የአያቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። ስሙን ሰምተው አልረኩም፤ ምን ቤት እንደሆነ ነው የጠየቁት። እኛ ፊደል ቆጥረን፣ ዲግሪ ጭነን፣ ያንን ጥያቄ ጣልነው።

ልጃችሁን ልታስመዘግቡ የምትሄዱ ወላጆች ሆይ፣ ከክፍያው በፊት ጠይቁ። ምን ያስተምራል? ማን ያስተምራል? ስንት ዓመት ይፈጃል? በእጁ የሚይዘው ወረቀት ምን ደረጃ አለው? ፈቃዱ ለዚያው መስክና ለዚያው ቅርንጫፍ መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ታፔላው «ኮሌጅ ነው» ቢላችሁ፣ እንደ አያቴ ደግማችሁ ጠይቁ፦ እሱንማ ሰማን፤ ምን ቤት ነው?