የወፍ በሽታና የሰው ጉበት ያላት አይጥ

ይህችን ጽሑፍ የምሞነጫጭረው ከጅቡቲ ወደብ፣ ባልባላ ከሚባለው ሠፈር፣ አምስት ሆነን ከተከራየናት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ነው። ላቤ ወረቀቱን ስላራሰው ፊደሌ ቢንጋደድ ገልባጩ ይታገሠኝ።

ከመካከላችን ወደብ ላይ ጆንያ የሚሸከመው ልጅ ባለፈው ወር ታመመ። መጀመሪያ ምግብ አስጠላው፣ ቀጥሎ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ በሳምንቱ ዓይኑ ቢጫ ሆነ። አንዱ ጓደኛችን «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» ብሎ ክንዱን ሊተኩሰው ብረት አጋለ። ከለከልኩት፤ ተጣላን። «አንተ አስተማሪ እንጂ ሐኪም ነህ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጅ ያገኘሁት የማስተማሪያ ዲፕሎማ ብቻ ነው፤ እርሱም አገር ቤት ቀርቷል።

እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን የልጁ ነገር አልነበረም። ከእኛው ጄሪካን የምትጠጣው የጎረቤታችን ሚስት እርጉዝ ናት፤ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች።

በ1985 እ.ኤ.አ. በምሥራቅ ሱዳን፣ ከዚያም እስከ 1986 በሶማሊያ ቱግ ዋጃሌ፣ በአገራችን ስደተኞች ላይ እንዲህ ያለ በሽታ ወርዶ ነበር። ዛሬ ሄፓታይተስ ኢ ይባላል። ያን ጊዜ ስም ስላልነበረው ሐኪሞቹ «ኤ ያልሆነ፣ ቢ ያልሆነ» ይሉት ነበር። በቆሸሸ ውኃ ይተላለፋል። ሌላውን አብዛኛውን ጊዜ አክስቶ ይለቀዋል፤ እርጉዞችን በመጨረሻዎቹ ወራት ካገኛቸው ግን ከመቶ እስከ 25 የሚሆኑትን ይገድላል። የልጁ የትኛው እንደሆነ የመረመረልን የለም።

«ጋሼ፣ ይህን በማን ላይ ሞክረው አወቁት?» አለችኝ።

ባላያን የተባለ የሶቪዬት ሳይንቲስት በራሱ ላይ ሞክሯል አልኳት። አፍጋኒስታን ውስጥ ከታመሙ ወታደሮች የተወሰደ ዓይነ ምድር አጣርቶ ጠጣ፣ ታመመ፣ ቫይረሱንም በአጉሊ መነጽር አይቶ በ1983 አሳተመ። ፊቷን አጨፈገገች። «ሁሉም እንደርሱ አይጠጣም» ብዬ ወደ አይጧ ገባሁ።

ይህ የሰው በሽታ ተራ አይጥን አይዝም። በ2001 በካናዳ፣ ኤድመንተን፣ እነ መርሰር ያሳዩት ዘዴ አለ። የራሷ ጉበት እንዲደክም ሆና የተራባች፣ ባዕድ ሕዋስ የሚያባርር መከላከያም የሌላት ግልገል አይጥ ይወስዳሉ። የሰው የጉበት ሕዋሳት በጣፊያዋ በኩል ይወጓታል። ሕዋሳቱ ወደ ጉበቷ ዘልቀው፣ የሞተውን ቦታ ይዘው ይራባሉ። ያን ጊዜ የያዛት ሄፓታይተስ ሲ ነበር። በ2016 ኢም ያዛት፤ ሪባቪሪን የሚባለው መድኃኒትም ቫይረሱን ሲቀንሰው ታየ።

«እንደ ሌሊት ወፍ ናታ! ከወፍም ከአይጥም ያልሆነች» ብላ ሣቀች። ወዲያው ደግሞ ሣቋን ትታ «እርጉዟን ለምን እንደሚገድል ነገረቻቸው?» አለችኝ።

መከላከያ የሌላት እንስሳ ይህን ልትናገር አትችልም አልኳት። ከዚያ ወዲያ የምለው ጠፋኝ።

ክትባት አለ። ቻይና በ2011 ፈቅዳዋለች፤ በወረርሽኝ ላይ መጀመሪያ የተሰጠው በ2022 ደቡብ ሱዳን፣ ቤንቲዩ ሠፈር ነው፤ እርጉዞችም ተከትበዋል። እኛ ያለን ከሰል ነው። ውኃውን አፍልተን ለእርሷ ለብቻው ጄሪካን እናኖራለን፤ የከሰሉ ዋጋ ከአምስታችን ሽሮ ይቀነሳል። በሽታው ሰውነት ውስጥ እስከ አሥር ሳምንት ተደብቆ ስለሚቆይ ገና አምስት ሳምንት ይቀረናል።

ብረት ያጋለው ጓደኛችን ትናንት ሌሊት ተነሥቶ ሲያፈላ አየሁት። አልተነጋገርንም። እርሷም በየጠዋቱ በበራፋችን ስታልፍ ቀና ብላ የዓይኗን ነጭ ታሳየናለች።