የአምቢቆ በሶ

እስቲ ቡናው እስኪፈላ ስለ ስንቅ እንጫወት።

በ2011 ዓ.ም. ጥር ላይ ራስ ደጀንን ልንወጣ ከደባርቅ ተነሣን። ሩዙን፣ ምስሩንና መኮሮኒውን ከዚያው ገዝተን በበቅሎ ጫንን። ሳንቃበርንና ግጭን አልፈን ጨነቅ ስንደርስ ግን ምስሩ አልበስል አለ። ጨነቅ ከባሕር ወለል በላይ 3,600 ሜትር ገደማ ነው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ፣ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ግድም ነው። ድስቱ ይንተከተካል፣ ሙቀቱ ግን ከዚያ አያልፍም። ሁለት ሰዓት ጥደነው ጥሬ ጥሬ የሚል ምስር በላን፤ ጋዛችንም ተጋመሰ። አካባቢው ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ እንጨት መቁረጥ ክልክል ነው፣ መከልከሉም ደግ ነው።

በማግሥቱ የቧሂትን አፋፍ ተሻገርን። ከ4,200 ሜትር ገደማ ቁልቁል እስከ መሸሃ ወንዝ ወርዶ እንደገና ዳገት መያዝ ጉልበት ይጨርሳል። አመሻሽ ላይ አምቢቆ ገባን። ከራስ ደጀን በፊት የመጨረሻው ማደሪያችን ነበር፣ ስንቅ የምንሞላውም እዚያ ነው። ሱቅ ሳይሆን የሰው ጓዳ ነው የሚሞላላችሁ። በቅሎ ነጂው ወደሚያውቃቸው እናት ቤት ወሰደን።

«እናቴ፣ የሚሸጥ እንቁላል ይኖራል?» አልኳቸው።

«እንቁላሉስ አለ። ለነገው ዳገት ምን ይዛችኋል?»

«ምስርና ሩዝ።»

«እሱማ እሳት ይፈልጋል ልጄ። በሶ ውሰዱ እንጂ!»

እውነታቸውን ነው። በሶ እሳቱን ቤት ጨርሶ የሚወጣ ምግብ ነው፤ ገብሱ ተቆልቶ፣ ተሸክሽኮ፣ ተፈጭቷል። ውሃና ጨው ካለ ከፍታው ምንም አያደርገው። የደጋው ሰው ይህን ያወቀው ቴርሞሜትር ይዞ አይደለም። እኔ ግን የገብስ አገር እየሄድኩ መኮሮኒ ማስጫኔ እስካሁን ይቆጨኛል።

ከስልቻው በጣሳ ሦስት ሰፈሩልንና አንድ እፍኝ ምርቃት ጨመሩ። ለበቅሎዋም ገብስ ገዛን፤ እሷም ስንቅ ያልቅባታል። በዋጋ አልተከራከርንም፣ እናንተም ስትሄዱ አትከራከሩ። የሚሸጡላችሁ ከዓመት ቀለባቸው ቀንሰው ነው። አብዝታችሁም አትጠይቁ፤ ቀጣዩ መኸር ሩቅ ነው።

ከዚያ ገበቴ አቀረቡ። በሶውን በጨው ውሃ ለወሱት፣ ትንሽ ድልህ ጣል አደረጉበት፣ እያሹ በመዳፋቸው ጨብጠው ጨብጠው ስምንት ጭብጦ አወጡ። በጨርቅ ቋጥረው ሰጡን።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሣን። ጫፉ ላይ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ብርዱ ግን ጣት ያደነዝዛል። ቋጠሮውን ፈታሁ። ጭብጦው ደርቆ ጠንክሯል፤ የእኚያ እናት አራት ጣቶች ማረፊያ አሁንም ጎድጎድ ብሎ ይታይበታል።