ስለ እኛ የተጻፈው

የተደፈርኩት በልጅነቴ ነው። ሰውየው ቤታችን የሚገባ የሚወጣ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ተነስቶ የሚቀበለው ዘመዳችን ነበር። እናት ከሆንኩ በኋላ ለማስተርስ መመረቂያዬ እንደኔ ስላሉ እናቶች የተጻፈውን ማንበብ ጀመርኩ። የማነበው ማታ ነው፤ ቀን ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ርዕሱን እንዳያዩብኝ እሰጋ ነበር።

ካነበብኩት አብዛኛው የጉድለት መዝገብ ነው። ድብርት፣ ጭንቀት፣ በልጅ ላይ ወይ መላላት ወይ መጨከን። እኛ አገር «እናቷን አይተህ ልጅቷን አግባ» ይባላል፤ ምሁራኑ ያንኑ በሠንጠረዥ ያስቀመጡት መሰለኝ። እናቲቱ ገጽ በገጽ ስትመረመር፣ ደፋሪው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል።

ከዚያ የጆአን ካውፍማንና የኤድዋርድ ዚግለር የ1987 ጽሑፍ እጄ ገባ። በልጅነታቸው ማንኛውም ዓይነት በደል ከደረሰባቸው ወላጆች በልጆቻቸው ላይ የሚደግሙት 30 በመቶ ገደማ ናቸው ብለው ይገምታሉ። ትንሽ ቁጥር አይደለም። ግን የቀሩትስ? ብዙዎቹ እኮ እነሱ ናቸው! ቁጥርን ከወዲያኛውም ጫፍ ማንበብን የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። በ2015 ደግሞ ካቲ ስፓትስ ዊዶምና ባልደረቦቿ፣ በአሜሪካ እንዲህ ያሉ ወላጆች ለሕፃናት ጥበቃ ቶሎ የሚጠቆሙት በከፊል ዓይን ስለሚበዛባቸው መሆኑን አሳዩ። ልጆቻቸው ለወሲባዊ ጥቃት ይበልጥ እንደሚጋለጡም ያው ጥናት አግኝቷል፤ የሚያመኝን ብቻ መርጬ አልዘለውም። ልጅ ተጋለጠ ማለት ግን እናት አጠቃች ማለት አይደለም።

ልጄ «ለምን እኔ ብቻ ዘመድ ቤት አላድርም?» ብላ ታኮርፋለች። በተመራማሪዎች መጠይቅ ቢሰፍር «ከልክ ያለፈ ቁጥጥር» ይባል ይሆናል፤ እውነትም አንዳንዴ አበዛዋለሁ። ገላዋን ሳጥባት ግን የሰውነቷን ክፍል ሁሉ ሳላፍር በስሙ እጠራላታለሁ። «ዘመድም ቢሆን ከነካሽ፣ ለማንም አትንገሪ ካለሽም፣ መጥተሽ ንገሪኝ፤ አልቆጣሽም» እላታለሁ። በኔ ጊዜ ይህ ነውር ስለነበር እናቴ ልትለኝ አልቻለችም። ካየኋቸው መጠይቆች አንዱም ይህን አይጠይቅም።

ሚኪ ስፐርሊችና ጁሊያ ሴንግ በ2008 ባሳተሙት «ሰርቫይቨር ሞምስ» በተባለው መጽሐፍ እናቶቹ ራሳቸው ይናገራሉ። እዚህም ይቻላል። መጠይቅ የምታዘጋጁ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እናቲቱን ምን እንደጎደላት ስትጠይቋት ልጇን በምን ዘዴ እንደምትጠብቅም አብራችሁ ጠይቋት።