እርሳስና ጭላዳ

ለእረፍት መካነ ሰላም በገባሁ ቁጥር ደብተርና እርሳስ ይዤ ከከተማ ወጣ ማለት ደስ ይለኛል። በተለይ በ2001 ዓ.ም. ቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ የተከለለው የደንቆሮ ጫካ፣ አስታውና ጅብራው መሃል የሚሳል ነገር አያልቅበትም። በመላው አገራችን አዋቂዎቹ ከ500 ብዙም የማይበልጡት ቀይ ቀበሮ እዚያ ይኖራል። እኔ እስካሁን አልቀናኝም። ጭላዳ ግን ሞልቷል።

አምና ገደል አፋፍ ላይ ቁጭ ብዬ አንዱን ወንድ ጭላዳ ሳልኩ። በሁለት እጁ ሳር እየነጨ ይበላል፤ ቦታ ሲቀይር እንኳ ሳይነሳ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ነው። ነፋሱ ጎፈሩን ሲበትነው፣ ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ምልክት ብቅ ሲል ዓይኔን መንቀል አቃተኝ። አልረጋ ብሎኝ ሦስት ገጽ አበላሸሁ፤ አራተኛው ተሳካ።

ስመለስ ማሳቸውን የሚጠብቁ አንድ አባት አገኘሁና በኩራት አሳየኋቸው። ደብተሩን አገላብጠው አዩና፣

«እሱስ እሱኑ ይመስላል ልጄ። ገብሴን ሲበላ ለምን አልሳልከውም?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። ልጃቸው ጭላዳ ለመጠበቅ ሲል ከትምህርት ቤት የሚቀርበት ቀን እንዳለም ነገሩኝ።

ክፍል ውስጥ «ሁለቱንም ወገን ስሙ» ስንባል ለፈተና የሚሸመደድ ነገር ይመስለኝ ነበር። በማግስቱ ተመልሼ ሄድኩ። አባታችን ወንጭፋቸውን ይዘው ማማ ላይ፣ ጭላዳዎቹ ደግሞ ገደሉ ጫፍ ላይ ሆነው ሲተያዩ በአንድ ገጽ ሳልኳቸው። እውነቱን ለመናገር እንደ መጀመሪያው አያምርም። ሰው ስዕልህን አሳየን ሲለኝ የማወጣው ግን እሱን ነው።