አይስትም የሚባለው ጠመንጃ

«የአባቶቻችን ጠመንጃ አይስትም ነበር፤ የዛሬው ጥይት ይረጫል እንጂ አያነጣጥርም» የሚል አነጋገር በመምህራን ክበብም በታክሲ ውስጥም ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ተናጋሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ጠመንጃ ብቻ አይደለም፤ ስለ ትውልድ ነው። ቤልጅግና ምንሽር የያዘው አባት ቁጥብና አልሞ ተኳሽ ነበር፣ ክላሽ ያነገተው ልጅ ግን ችኩልና አባካኝ ነው የሚል ፍርድ በውስጡ አለ። የማስተምረው መካኒክስ ስለሆነ የዚህን ፍርድ መሠረት በሙያዬ መመርመር ወደድሁ። ጉዳዩ የትርፍ ጊዜ ክርክር ብቻ አለመሆኑን ውድ አንባብያን ዝቅ ብለው ያገኙታል።

በቅድሚያ ሁለቱን የጠመንጃ ዓይነቶች እንለይ። በመጀመሪያው ዓይነት ተኳሹ ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ መቀርቀሪያውን በእጁ ወደ ኋላ ስቦ ቀለሃውን ያስወጣል፤ ወደ ፊት ገፍቶም አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ፈረንጆቹ ቦልት አክሽን ይሉታል። ስሙን «ፊውዚ ግራ» ከተባለው የ1874 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ ጠመንጃ የወረሰው ውጅግራ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ የዚሁ ወገን ነበር። ቤልጅግ የምንለውም በቤልጅየም የተሠራው ማውዘር ነው። ሁለተኛው ግማሽ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። ባሩዱ ሲቃጠል ከሚፈጠረው ጋዝ ጥቂቱን ተጠቅሞ ቀለሃውን ራሱ ያወጣል፣ ቀጣዩንም ጥይት ራሱ ያጎርሳል፤ ነገር ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር የሚወጣው አንድ ጥይት ብቻ ነው። ሲሞኖቭና ኤም ዋን ጋራንድ ምሳሌዎቹ ናቸው። ክላሽንኮቭ አውቶማቲክ ቢሆንም ወደ ነጠላ ተኩስ ሲደረግ በዚሁ መንገድ ይሠራል።

የጠመንጃ ትክክለኛነት የሚለካው፣ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ሆኖ የተተኮሰ ጥይት በኢላማው ላይ ምን ያህል ተቀራርቦ ያርፋል በሚለው ነው። መለኪያው የማዕዘን ደቂቃ፣ ማለትም የአንድ ዲግሪ 60ኛ ክፍል ሲሆን በ100 ሜትር ርቀት 2.9 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። በጥንቃቄ የተሠራ ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ከጥሩ ጥይት ጋር 1 ደቂቃ ወይም ከዚያ ያነሰ ስፋት ውስጥ ይመታል። ተራ ክላሽ ግን በጥቅሉ ከ3 እስከ 6 ደቂቃ ይበትናል። እንግዲህ አነጋገሩ ፈጽሞ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

ምክንያቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። «ግማሽ አውቶማቲኩ ጥይቱ ሳይወጣ ስለሚንቀሳቀስ ይስታል» ይባላል። በጋዝ በሚሠሩት ጠመንጃዎች መቀርቀሪያው የሚከፈተው ጥይቱ ከአፈሙዙ ከወጣ በኋላ ነው። ለጋዙ ሥራ የሚባክነው ኃይልም እጅግ ትንሽ ነው። እውነተኛው ልዩነት ሌላ ቦታ ነው። በግማሽ አውቶማቲኩ በርሜል ላይ የጋዝ ቧንቧና ፒስተን ስለሚታሰሩበት የበርሜሉ ንዝረት እንደ ባዶ በርሜል ወጥ አይሆንም። ጭቃና አቧራ እንዳያቆመው ሲባል ክፍሎቹ ላላ ተደርገው ይሠራሉ። ጥይቱም በኃይል ተገፍቶ ይጎርሳል። ባለ መቀርቀሪያው ይህ ሁሉ የለበትም፤ ጥቂት ክፍሎች አጥብቀው ይቆለፋሉ፣ በእያንዳንዱ ተኩስም ወደዚያው ቦታ ይመለሳሉ።

ታላላቆቹ ሠራዊቶችም በዚህ ሲከራከሩ ኖረዋል። ሶቭየቶች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መባቻ ቶካሬቭ የተባለውን ግማሽ አውቶማቲክ ለአልሞ ተኳሾች ሰጥተው ነበር፤ ብዙም ሳይቆዩ በ1942 እ.ኤ.አ. ወደ አሮጌው ሞሲን ናጋንት ተመለሱ። በ1963 እ.ኤ.አ. ደግሞ ድራጉኖቭ የተባለውን ግማሽ አውቶማቲክ ተቀበሉ። የአሜሪካ ምድር ጦርም ከተሻሻለው ኤም 14 በ1988 እ.ኤ.አ. ባለ መቀርቀሪያ ወደሆነው ኤም 24 ተሻገረ፤ ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ግን ኤም 110 የተባለውን ግማሽ አውቶማቲክ አስታጠቀ። በጥንቃቄ የተሠራ የዛሬ ግማሽ አውቶማቲክ 1 ደቂቃ ውስጥ ይመታልና ልዩነቱ እየጠበበ መጥቷል።

ይህ ሁሉ በድጋፍ ላይ ስለተቀመጠ ጠመንጃ ነው። ወደ ሰው ትከሻ ሲመጣ ስሌቱ ይለወጣል። 4 ደቂቃ የሚበትን ክላሽ በ200 ሜትር የሚስተው ከዳር እስከ ዳር 23 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ይህ ከአንድ ጎልማሳ ደረት ስፋት ያነሰ ነው። ከዚያ በላይ የሚያስተው የተኳሹ ትንፋሽ፣ ድንጋጤና ቃታ አሳሳብ ነው። ጥይት የሚረጨው እጅ ነው፤ ብረቱ አይደለም።

ታዲያ የአባቶቻችን እጅ ለምን ይቆጠብ ነበር? መልሱ ከጀግንነት ይልቅ ከገበያ ይገኛል። የውጅግራ ጥይት ከአሞሌ ጨው ጎን ለጎን በገበያ እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይገበያዩበት ነበር። የተኮሰ ሰው ገንዘቡን ተኮሰ። አያቴ ቤልጅግ ነበራቸው፤ ጥይታቸውንም በጨርቅ ቋጥረው ከሣጥን በታች ያስቀምጡ ነበር፣ ቁጥሩንም በቃላቸው ያውቁት ነበር። ለሠርግ አንድ ከተኮሱ በቂ ነበር። ይህን ቁጥብነት ያስተማራቸው እጦት ነው፤ መቀርቀሪያው አይደለም።

ባለ መቀርቀሪያ ጠመንጃ ብቻውን አልሞ ተኳሽ እንደማያደርግ ማይጨው ምስክር ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የዘመተው ሠራዊት አብዛኛው የያዘው እንዲህ ያለ ጠመንጃ ነበር፤ ዓይነቱ ግን እጅግ የተለያየ፣ ጥይቱም የተዘበራረቀና ያነሰ ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1943 ዓ.ም.፣ የቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ደርሶ ስምንት ጥይት የሚይዘውን ጋራንድ ታጠቀ፣ ሠለጠነበትም፤ በተዋጊነቱም የተመሰገነ ሆነ። ግማሽ አውቶማቲኩ የእነዚያን ወታደሮች ዓይን አላጠፋም። ሥልጠናና በቂ ጥይት የሰጣቸው አለቃ ነበራቸው።

አሁን ይህን ለምን እንደምጽፍ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በዘመድ ሠርግ ላይ ወጣቶች ደስታቸውን ለመግለጽ ክላሽ ወደ ሰማይ ተኮሱ። ከተተኮሱት ጥይቶች አንዱ ተመልሶ በግቢው ዳር ውሃ ትቀዳ የነበረችውን የ11 ዓመት የአክስቴን የልጅ ልጅ ትከሻዋ ላይ መታት። ሐኪም ቤት ሳትደርስ አለፈች። «ተባራሪ ጥይት ነው» ተባለ፤ ጥይቱን ያባረረ ሰው የሌለ ይመስል። ጉዳዩ በሽምግልና አለቀ። በልቅሶው ላይ አንድ የተማረ ዘመዳችን «የድሮ ጠመንጃ ቢሆን ይህ አይደርስም ነበር» ሲል ሰማሁት።

ይደርስ ነበር። ኢላማ የሌለው ጥይት ትክክለኛነት የለውም፤ የአያቴም ቤልጅግ ወደ ሰማይ የተኮሰው ጥይት አንድ ቦታ ወድቋል። ሠላሳ ጥይት ከአንድ ጥይት ይልቅ ሰው የማግኘት ዕድሉ ሠላሳ እጥፍ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ያ ስለ ብዛት የሚነገር ነው፤ ስለ ጠመንጃው ዓይነት አይደለም። «አይስትም» የምንለው ተረት የሚያሳዝነኝ ኃላፊነቱን ከሰው አንሥቶ ወደ ብረት ስለሚያሻግር ነው። አባትን ለማሞገስ ጠመንጃውን እናመሰግናለን፤ ልጅን ከተጠያቂነት ለማዳን ጠመንጃውን እንወቅሳለን።

በ2012 ዓ.ም. የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጥቷል። አዋጅ ግን ድንኳን ሥር ገብቶ ቃታ ከመሳብ አያግድም፤ የሚያግደው አስተናጋጁ አባወራ፣ ሽማግሌውና የሚያጨበጭበው እድምተኛ ነው። በሚቀጥለው ሠርግ ወጣቱ ጠመንጃ ሲያነሣ «የአባትህ አይስትም ነበር» ብለን ከምናሞግሰው ይልቅ «ጥይትህ የት ይወድቃል?» ብለን በስሙ ጠርተን እንጠይቀው።