ደወሉና ሴባስቶፖል

እኛ አራት እጩ መምህራን ለማስተማር ልምምድ በተመደብንበት ትምህርት ቤት የታወቅነው በማርፈድ ነበር። ደወሉ 2 ሰዓት ላይ ይደወላል፤ እኛ ገና ውኃ ስንቀዳ፣ የትምህርት መርጃውን ስናጣብቅ ነን። አንድ ቀን እየሮጥን ስንደርስ አንዲት የአንደኛ ክፍል ልጅ ጠመኔ ይዛ ጓደኞቿን ፊደል ታስቆጥራለች። ስታየን ደንግጣ ጠመኔውን ደበቀች። ኧረ መደበቅስ የነበረብን እኛ ነበርን!

ከዚያ ወዲያ ውኃውንም ዕቅዱንም ማታ መጨረስ ያዝን፤ ቀድሞ የነቃ የሌላውን ብርድ ልብስ ይገፋል። ሁለቴ ደግመን አርፍደናል፤ አንዋሽም።

በልምምዱ አጋማሽ፣ ቅዳሜ ቀን፣ መቅደላን ለማየት ወጣን። ከተንታ በእግር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተሰብስበን መምህራችንን የጠበቅናቸው እኛ ነን። («አሟችኋል እንዴ?» አሉን።)

አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት እዚሁ አምባ ላይ ነው። ጋፋት የተሠራው ሴባስቶፖልም ዛሬም እዚያው አለ፤ አዲስ አበባ የምናየው ምስሉን ነው። ቶኖች የሚመዝነው መድፍ ከደብረ ታቦር በመስከረም መጨረሻ ተነሥቶ መቅደላ የደረሰው በመጋቢት ነው፤ መንገዱ እየተጠረገ፣ ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ። አንዳችን እጁን ብረቱ ላይ አሳርፎ፣ «እኛ እኮ ከማደሪያችን እስከ ክፍሉ ሩብ ሰዓት ነው» አለ። መልስ የሰጠው የለም።

ሰኞ ደወሉ ሳይደወል ደረስን። ጠመኔውን ለዚያች ልጅ ሰጠናት፤ ፊደሉን እሷ ጀመረችው፣ እኛ ከኋላ ቆመን ሰማን።